የቤተሰብ ስቴሽን ዋገንን ለረጅም ጉዞና ለገጠር መንገድ የማዘጋጀት መመሪያ፦ ከሐዋሳ ለሚነሱ

ከሐዋሳ የሚነሳ ቤተሰብ ረጅም መንገድ አያጣም። በሻሸመኔ ታጥፎ በኮፈሌ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርጎ ወደ ባሌ ተራሮች መውጣት ይችላል፤ በይርጋለምና በዲላ በኩል እስከ ያቤሎና ሞያሌ መውረድ ይችላል፤ ወይም በወላይታ ሶዶ አልፎ አርባ ምንጭንና ኮንሶን ማየት ይችላል። ለዚህ ሁሉ የግድ ትልቅ ፎርባይፎር ያስፈልጋል የሚለው አስተሳሰብ ግን ብዙ ቤተሰብን ቤቱ አስቀርቷል። እኔ ባለቤቴን፣ ሦስት ልጆቼንና አንዳንዴም እናቴን ይዤ ለዓመታት የተጓዝኩት በአንድ ያረጀ ቶዮታ ኮሮላ ስቴሽን ዋገን ነው። በእነዚህ ዓመታት የተረዳሁት ዋና ነገር እንዲህ ያለውን መኪና ከመንገዱ ይልቅ የተጫነበት ክብደት እንደሚሰብረው ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከክብደት ይጀምራል፤ ጌጥና ምቾት የሚመጡት በመጨረሻ ነው።

አንደኛ፦ መንገዱን አስቀድመው ይወስኑ

መኪናውን ከማዘጋጀትዎ በፊት በዓመት ውስጥ በእውነት የሚሄዱባቸውን ሦስት ወይም አራት መንገዶች በወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ከእያንዳንዱም ምን ያህሉ አስፋልት፣ ምን ያህሉ ኮረኮንች፣ ምን ያህሉ የአፈር መንገድ እንደሆነ ይለዩ። አብዛኛው አስፋልት ሆኖ ጥቂቱ ኮረኮንች ከሆነ ከዚህ በታች የተዘረዘረው ዝግጅት ይበቃዎታል። በክረምት ዋልካ አፈር ባለበት መንገድ መሄድ ካሰቡ ግን የሚቀየረው መኪናው ሳይሆን የጉዞው ወር ነው፤ ዋልካ በዝናብ ጊዜ በጎማው ላይ እየተጠቀለለ በጎማና በመከላከያው መካከል ያለውን ክፍተት ስለሚሞላው፣ ፎርባይፎሩም ቢሆን የሚወጣው በብዙ መከራ ነው።

ሁለተኛ፦ ክብደቱን ያስሉ፣ ከዚያም ያስመዝኑ

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ሥራ ይህ ነው። መኪናው ባዶውን ምን ያህል እንደሚመዝንና የሚፈቀድለት ከፍተኛ ጠቅላላ ክብደት ስንት እንደሆነ ከአምራቹ መመሪያ መጽሐፍ ይፈልጉ፤ የሁለቱ ልዩነት ሰውን ጨምሮ ሊጭኑት የሚችሉት ሁሉ ነው። ለምሳሌ መኪናው ባዶውን 1,100 ኪሎ ቢሆንና የሚፈቀድለት ጠቅላላ ክብደት 1,550 ኪሎ ቢሆን፣ በእጅዎ ያለው 450 ኪሎ ብቻ ነው። አባት 70፣ እናት 65፣ ልጆች 45፣ 30 እና 20 ኪሎ ቢመዝኑ 230 ኪሎ ሄደ፤ የቀረው 220 ነው። አሁን 40 ሊትር ውኃ 40 ኪሎ፣ የዕቃ ሳጥኑ 30፣ ልብስና ብርድ ልብስ 40፣ ምግብና የማብሰያ ዕቃ 35፣ የመፍቻዎች ሳጥን 20፣ ሁለተኛ ትርፍ ጎማ 15፣ ድንኳን 12 ኪሎ ቢሆኑ ድምሩ 192 ይደርሳል። የሚተርፈው 28 ኪሎ ነው። ሲመለሱ ከሻሸመኔ ግማሽ ኩንታል ድንች ልግዛ ካሉ ልኩን በ22 ኪሎ አለፉ ማለት ነው። እኛ አገር ደግሞ ባዶ እጅ ከመንገድ መመለስ ስለማይለመድ፣ ለመልስ የሚሆን ቢያንስ 40 ኪሎ ሲነሱ ጀምሮ መተው አለበት ብዬ በጥብቅ እመክራለሁ።

ስሌቱ ካለቀ በኋላ ለጉዞ እንደተጫነ፣ ቤተሰቡም ውስጡ እንዳለ፣ የጭነት መኪና በሚመዘንበት የመሬት ሚዛን ላይ ያውጡት፤ የእህልና የቡና መጋዘን ባለበት ከተማ እንዲህ ያለ ሚዛን አይጠፋም። ከተቻለ መጀመሪያ የፊት እግሩን ብቻ፣ ቀጥሎ የኋላውን ብቻ ያስመዝኑ፤ ምክንያቱም በስቴሽን ዋገን ላይ ጠቅላላው ክብደት ልክ ሆኖ ሳለ የኋላው ብቻ ከልኩ ሊያልፍ ይችላል። የኋላው ሲከብድ አፍንጫው ቀና ስለሚል መሪው ይቀላል፣ የፊት መብራቱም ከመንገዱ ይልቅ የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ያበራል።

ሦስተኛ፦ ጎማ

ለመኪናው አንድ ነገር ብቻ የሚገዙበት ገንዘብ ካለዎት ጎማ ይግዙበት። በጎማው ጎን ላይ ከስፋቱና ከቸርኬው ልክ ቀጥሎ የተጻፈው ቁጥር አንድ ጎማ የሚሸከመውን ክብደት ያመለክታል፤ 88 ማለት 560 ኪሎ፣ 91 ማለት 615 ኪሎ፣ 95 ማለት 690 ኪሎ ነው። ሲገዙ ከፋብሪካው ከተመደበው ቁጥር ያነሰ በጭራሽ አይቀበሉ፤ ሻጩ ልኩ አንድ ነው ብሎ ቢያግባባዎትም ልኩ አንድ የሆኑ ሁለት ጎማዎች የመሸከም አቅማቸው ሊለያይ ይችላል። እዚያው ጎን ላይ በትንሽ ክብ ውስጥ ያሉት አራት ቁጥሮች ደግሞ ጎማው የተሠራበትን ጊዜ ይናገራሉ፦ 2321 ቢል በ2021 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያላለቀ ሆኖ መደርደሪያ ላይ ያረጀ ጎማ በሙቀትና በጭነት ይፈነዳል፤ ከ6 ዓመት ያለፈውን ለረጅም ጉዞ አልጠቀምም። ጥርሱ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች የወረደውንም ለከተማ ትቼ ለገጠር መንገድ አልወስደውም።

የአየሩ ልክ በሾፌሩ በር መቃን ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ አለ፤ ብዙ ጊዜም አንዱ ለቀላል ጭነት፣ ሌላው ለሙሉ ጭነት ሁለት ቁጥር ይሰጣል። የጎማ መለኪያ የራስዎ ይኑርዎት፤ የሚለኩትም ማለዳ፣ መኪናው ሳይነሳ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ይሁን። በአስፋልት ላይ የሙሉ ጭነቱን ልክ ይጠቀሙ፤ ረጅም ኮረኮንች ውስጥ ሲገቡ ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህል ቀንሰው ፍጥነትዎን ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት በታች ቢያደርጉ ጎማው ስለታም ድንጋይን ተቀብሎ ያልፋል፣ ተሳፋሪውም ያርፋል። ወደ አስፋልት ሲመለሱ ግን መልሰው መንፋት ግዴታ ነው፤ በሲጋራ ማቀጣጠያው ሶኬት የሚሠራ ትንሽ ኮምፕረሰር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ወደ ባሌ ሲወጡ በከፍታው ምክንያት የውጭው አየር ስለሚሳሳ መለኪያው ከፍ ያለ ያነባል፤ ብርዱ ደግሞ የጎማውን አየር ያሳንሰዋል። ከሐዋሳ 1,700 ሜትር ግድም ተነስቶ 4,000 ሜትር ላይ ሲደርሱ፣ ሙቀቱም በ20 ዲግሪ ያህል ቢቀንስ፣ ሁለቱ እያንዳንዳቸው 0.2 ባር ገደማ ስለሚሆኑ ይጣፋሉ፤ ስለዚህ እላይ ቆሞ አየር ማስተካከል አስፈላጊ አይደለም።

ስኮርታውን ከሌሎቹ ጎማዎች ጋር እኩል ይንከባከቡት። ብዙ ሰው ስኮርታው ባዶ መሆኑን የሚያውቀው ጎሚስታ በሌለበት ሜዳ ላይ ነው። የቲዩብለስ ጎማ መለጠፊያ ኪት ይያዙ፣ አጠቃቀሙንም ቤትዎ ግቢ ውስጥ በአሮጌ ጎማ ላይ ይለማመዱ፤ ኪቱ የሚያገለግለው ግን ጎማው መንገዱን በሚነካበት ፊት ላይ ለተበሳ ቀዳዳ ብቻ ሲሆን፣ ጎኑ ከተቀደደ ጎማውን ከመቀየር ሌላ መፍትሔ የለውም።

አራተኛ፦ ሞላ፣ ሾክ አብዞርበርና ከመኪናው ሥር ያለው

በመጀመሪያው የባሌ ጉዟችን የኋላው እንዳይወርድ ብዬ አንድ ጋራዥ በሞላዎቹ መካከል ጠንካራ ላስቲክ እንዲከትልኝ አደረግሁ። መኪናው ቀና ብሎ ስላየሁት ተደሰትኩ። አዳባ ሳንደርስ የኋላው የቀኝ ሾክ አብዞርበር ከተሰቀለበት ላይ ተሰንጥቆ ወለቀ፤ ላስቲኩ ሞላውን እንዳይታጠፍ ስላገደው የእያንዳንዱ ጉድጓድ ምት በቀጥታ ያረፈው እዚያ ላይ ነበር። ልጆቼ በብርድ መንገድ ዳር ተቀምጠው የጠበቁበትን ያን ከሰዓት አልረሳውም። ስለዚህ ላስቲክ አያስከትቱ። የደከመ ሞላ ካለ ለዚያው መኪና በተሠራ አዲስ ወይም ትንሽ ጠንከር ባለ ሞላ ያስቀይሩ፤ ጠንካራ ሞላ ሲገባም አብሮት የሚሄድ አዲስ ሾክ አብዞርበር በጥንድ ይግባ፤ አሮጌው ሾክ ጠንካራውን ሞላ መግታት ስለማይችል መኪናው እየዘለለ ከመንገዱ ይላቀቃል። መኪናውን ከ2 ወይም ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ማድረግም አልመክርም፤ የፊት እግሩን የሚያዞሩት የሲቪ ጆይንቶች ከተሠሩበት ማዕዘን ውጭ ሲሠሩ ላስቲክ ሽፋናቸው ቶሎ ይቀደዳል፣ አቧራ ከገባባቸውም ዕድሜያቸው አጭር ነው።

ለሞተሩ የዘይት መያዣ ከሥሩ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ላሜራ መከላከያ ያሠሩለት። በያጁ ላሜራውን በአካሉ ላይ በቀጥታ እንዳይበይደው፣ በብሎን የሚፈታ እንዲያደርገው ይንገሩት፤ ዘይት በተቀየረ ቁጥር መውረድ አለበት። አየር የሚያስገቡ ቀዳዳዎችም ይኑሩት።

ራዲያተሩ ውኃ ብቻ ከያዘ የኩላንትና የተጣራ ውኃ እኩል ድብልቅ ያስሞሉት፤ በባሌ ተራሮች አናት ባለው በሰኔቲ አምባ ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ስለሚወርድ ንጹሕ ውኃ በረዶ ሆኖ ሞተሩን ሊሰነጥቅ ይችላል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር እየሳበ ስለሚያድር በየ2 ዓመቱ ይቀየር፤ ይህን ያላደረገ ሰው ረጅም ቁልቁለት ላይ ዘይቱ ሲፈላ ፔዳሉ ባዶውን ሲወርድ ይደነግጣል።

አምስተኛ፦ የኋላውን የዕቃ ቦታ መሥራት

በስቴሽን ዋገን ስኮርታው ብዙውን ጊዜ ከዕቃው ወለል ሥር ነው ያለው። ሳጥን የሚያሠሩ ብዙዎች ይህን ይረሱና በመንገድ ላይ ጎማ ሲተነፍስ ዕቃውን ሁሉ ጭቃ ላይ ያወርዳሉ። ስለዚህ ሳጥኑን ከመንደፍዎ በፊት ስኮርታው ዕቃ ሳይወርድ እንዴት እንደሚወጣ ይወስኑ። እኔ ያደረግሁት ሳጥኑን በሁለት ከፍዬ፣ የኋለኛው ክፍል እንደ መሳቢያ ወደ ውጭ ተስቦ እንዲወጣ ነው፤ ክሪኩና የጎማ መፍቻው ደግሞ ከስኮርታው ጋር ሳይሆን በጎን ኪስ ውስጥ ናቸው።

ለሳጥኑ ባለ 12 ሚሊ ኮምፔርሳቶ ይበቃል። አንድ ሙሉ ኮምፔርሳቶ በዚህ ውፍረት 20 ኪሎ ያህል ሲመዝን፣ ባለ 18 ሚሊው 30 ኪሎ ይደርሳል፤ አናጺዎች ለጥንካሬ ሲሉ ወፍራሙን ይመርጣሉ፣ እርስዎ ግን በቀጭኑ ይጽኑ፣ ጥንካሬውን በማዕዘኖቹ ላይ በሚገባ የብረት አንግል ያግኙት። ቺፑድ ከሆነ በንቅናቄ ብዛት ብሎኑ ስለሚላላ አይሆንም። የሳጥኑ ከፍታ ከኋላው መቀመጫ ጀርባ አይለፍ። ሲታሰርም መኪናው ከፋብሪካ ይዞት በመጣው የማሰሪያ ቀለበት ወይም የቀበቶ ብሎን ይታሰር፤ ወለሉን መብሳት በብዙ መኪና ላይ ከሥሩ የነዳጅ ታንከሩ ስላለ አደገኛ ነው።

የአጫጫን ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ ውኃና መፍቻን የመሰለ ከባድ ነገር ከታች፣ ከመቀመጫው ጀርባ ተጠግቶ፤ ልብስና ምግብ ከላይ፤ ቀላሉ ከኋላ። ከዚያም በዕቃውና በልጆቹ መካከል ጠንካራ መረብ ወይም የብረት ፍርግርግ ይኑር። ይህን አጥብቄ የምናገርበት ምክንያት ስሌቱ ስለሚያስፈራኝ ነው፦ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ በግማሽ ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ ያልታሰረ ዕቃ ከክብደቱ 20 እጥፍ በሚጠጋ ኃይል ወደ ፊት ይወረወራል። 20 ኪሎ የውኃ ጀሪካን 400 ኪሎ ሆኖ ልጅዎ ጀርባ ላይ ያርፋል ማለት ነው።

ብዙዎቻችን ፖርቶመጋላ የምንለው የጣሪያው መጫኛ እንደ መኪናው ዓይነት የራሱን ክብደት ጨምሮ ከ50 እስከ 75 ኪሎ ቢሸከም ነው። እዚያ የሚወጣው ፍራሽ፣ ብርድ ልብስና ድንኳን ነው፤ በሸራ ተሸፍኖ በሚጠብቅ ቀበቶ ይታሰር። ውኃና ነዳጅ እዚያ ላይ መጫን መኪናውን በመታጠፊያ ላይ ያንገዳግደዋል።

ስድስተኛ፦ ተሳፋሪዎች

የሕፃናት መቀመጫ፣ ለሁሉም ሰው የደህንነት ቀበቶ፣ በመስኮት ላይ የፀሐይ መከላከያ፤ ስለ እነዚህ ክርክር የለም። ለትልቅ ሰው የፊቱን መቀመጫ ይልቀቁ፣ ወገባቸውን የሚደግፍ ትራስም ይጨምሩ፤ እናቴ ከዚያ ወዲህ ያለ ሕመም መጓዝ ችላለች።

ስለ አቧራ ግን ልዘርዝር። ስቴሽን ዋገን በሚሄድበት ጊዜ ከኋላው አየሩ ስለሚሳሳ አቧራውንና የጭስ ማውጫውን ጭስ ወደ ራሱ ይስባል። ስለዚህ ረጅም ዕቃ ጭኖ የኋላውን በር ከፍቶ መንዳት ቤተሰቡን በጭስ መመረዝ ነው። በአቧራማ መንገድ መስኮቶቹን ሁሉ ዘግተው የፊቱን የአየር ማስገቢያ ከውጭ እንዲስብ አድርገው ማራገቢያውን ከፍ ያድርጉት፤ ውስጡ ያለው ግፊት ከውጭው ስለሚበልጥ አቧራው በበሩ ክፍተት መግባት ያቅተዋል። የኋላው በር ላስቲክ ካረጀ አዲስ ያስገቡ፤ ዋጋው ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ ነው።

ሰባተኛ፦ ኤሌክትሪክ

የስልክ ቻርጀርና አንድ የውስጥ መብራት ለአብዛኛው ቤተሰብ ይበቃል። ተጨማሪ መስመር ካስዘረጉ ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ይሁን፤ መጠኑን ለማወቅ የዕቃውን ዋት ለ12 ይካፈሉት፣ 120 ዋት ኮምፕረሰር 10 አምፔር ይስባልና 15 አምፔር ፊውዝ ይበቃዋል። ሞተሩ ጠፍቶ ያደረ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ያነባል፤ 12.2 ካነበበ ጉዞውን ከማራዘም ባትሪውን ማስመርመር ይሻላል። ፍሪጅ አያስፈልግም፤ ቤት ውስጥ በረዶ የሆኑ የውኃ ጠርሙሶች በአይስ ቦክስ ውስጥ ምግቡን አቀዝቅዘው ሲቀልጡ ይጠጣሉ።

ስምንተኛ፦ ውኃ፣ ስንቅና ነዳጅ

ለመጠጥና ለማብሰያ በቀን ለአንድ ሰው 4 ሊትር ይያዙ፤ በአንድ ትልቅ ጀሪካን ሳይሆን በ5 ሊትር ዕቃዎች ይሁን፤ አንዱ ቢፈስ ሌላው አለ። ስንቅን በተመለከተ አያቶቻችን ለሩቅ መንገድ የሚያዘጋጁት ከሁሉ ይበልጣል፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ጭኮ። ሁሉም ቀላል ናቸው፣ ቶሎ አይበላሹም፣ ብዙ ማገዶም አይፈልጉም። ቡና ለማፍላት ከሰል የሚጠቀሙ ከሆነ ከመኪናው ውጭ፣ ከድንኳኑም ውጭ ይሁን። ፍሙ ነጭ ሆኖ ጭስ ባይታይበትም የሚያወጣው ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ተኝቶ ያለን ሰው ይገድላል፤ ብርድ ስለሆነ ምድጃውን ላስገባው ማለት የለም።

ቤንዚን በጀሪካን ከቤተሰቡ ጋር በአንድ አየር ውስጥ መያዝ አይገባም፤ ስቴሽን ዋገን ደግሞ የተለየ የዕቃ ክፍል የለውም። በዚህ ፈንታ ታንከሩ ግማሽ ሲደርስ መሙላትን ልማድ ያድርጉ። ክፍያው በስልክ ስለሆነ ስልክዎ ኃይል፣ ሒሳብዎም ገንዘብ ይኑረው፤ ኔትወርክ በሚጠፋበት ከተማ ለመቅዳት እስከ መጨረሻው ጠብታ አይጠብቁ።

ዘጠነኛ፦ ሳይያዝ የማይወጣ

ሊብሬ፣ የታደሰ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን መድን፣ መንጃ ፈቃድ። የእሳት ማጥፊያ ሾፌሩ ከመቀመጫው በሚደርስበት ቦታ፣ አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን፣ አጭር አካፋ፣ መጎተቻ ገመድ፣ ትርፍ ቺንጊያ (የሞተር ቀበቶ)፣ ፊውዞች፣ አንድ ሊትር የሞተር ዘይት፣ የራስ መብራት። ክሪኩ ለስላሳ አፈር ውስጥ እንዳይሰጥም ከሥሩ የሚነጠፍ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ጣውላ ይጨምሩ።

አሥረኛ፦ ሙከራ

ሁሉን አዘጋጅቶ በቀጥታ ወደ ባሌ መሄድ ስሕተት ነው። መጀመሪያ ሙሉ ጭነት ይዘው ወንዶ ገነት ደርሰው በዚያው ቀን ይመለሱ፤ ሲመለሱ የጎማ ብሎኖችን፣ የሳጥኑንና የፖርቶመጋላውን ማሰሪያዎች እንደገና ያጥብቁ፤ አንዳንዱ መላላቱ አይቀርም። ቀጥሎ ሐገረ ሰላም ወጥተው አንድ ሌሊት ይደሩ፤ ደጋው ብርድ ስለሆነ የልብስና የመኝታ ጉድለት እዚያ ይገለጣል። ሁለቱን ካለፉ በኋላ ለባሌ ዝግጁ ነዎት።

ከጎባ ወደ ሰኔቲ አምባ ሲወጡ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሐዋሳ ላይ ከሚያውቁት ጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ መኪናው ታሞ አይደለም፣ አየሩ ሳስቶ ነው። በዝቅተኛ ማርሽ በትዕግሥት ይውጡ፤ በሐረና ደን በኩል ሲወርዱም በዚያው ዝቅተኛ ማርሽ ይውረዱ እንጂ ፍሬን ረግጠው አይቆዩ። የአምባው ቀይ ቀበሮዎች መንገዱን ስለሚያቋርጡ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር አይለፉ። ወንዝ ካጋጠመዎት ውኃው ከጎማው መሃል ከበለጠ ወይም በኃይል የሚፈስ ከሆነ አይግቡ፤ ውኃ በአየር ማስገቢያው ወደ ሲሊንደር ከገባ ስለማይታመቅ ቤላ የሚባለውን የፒስተን ዘንግ ያጣምማል፣ ሞተሩም እዚያው ያልቃል። ከመሸ በኋላ አይንዱ፤ ማለዳ 12 ሰዓት ተነስቶ ከቀኑ 11 ሰዓት ማደሪያ መግባት በቂ ርቀት ያስኬዳል።

ከጉዞው ሲመለሱ የመኪናውን ሥር በውኃ ያሳጥቡ፣ የአየር ማጣሪያውን አውጥተው አቧራውን ያራግፉ፣ የሲቪ ጆይንቶቹን ላስቲክ ይመርምሩ። ከዚያም ዕቃው ሳይበተን ደብተር ይዘው አጠገቡ ይቀመጡና ያልተነካውን ሁሉ ይመዝግቡ። በሦስት ጉዞ ያልተነካ ዕቃ ከሳጥኑ ይውጣ፤ ከዚህ ነጻ የሚሆኑት የእሳት ማጥፊያው፣ የመጀመሪያ ዕርዳታው ሳጥን፣ አንጸባራቂው፣ የመጎተቻው ገመድና ስኮርታው ብቻ ናቸው።